አስታራቂው ሲጣላ

ምዕራፍ ሰባት

ከአንገት ወደ አንጎል ደም ከሚያደርሰው ትልቅ ቧንቧ ውስጥ በቀዶ ሕክምና የወጣ ቁራጭ ጠረጴዛ ላይ አለ እንበል። ቢጫ ነው። መሃሉ ለስላሳና ቅባታም ሲሆን ላዩን ነጭ፣ ጠንካራ ሽፋን ለብሷል። አንዳንድ ቦታው ላይ ስለት ሲያርፍበት ይንኮሻኮሻል፤ ካልሲየም ተጋግሮበታል። ለረጅም ዘመን ብዙ ሐኪሞች ይህን ሲያዩ የሚታያቸው ስብ ነበር፤ በደም ውስጥ በዝቶ ግድግዳ ውስጥ የተከማቸ ስብ፣ አለቀ።

በስዊድኗ ጎተንበርግ ከተማ ዮራን ሃንሰንና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ እንዲህ ያሉትን ቁራጮች በጣም በስሱ እየሸነሸኑ፣ በአንድ የሴል ዓይነት ላይ ብቻ መርጠው የሚጣበቁ ማቅለሚያዎችን አፈሰሱባቸው። ቢጫው መሃል ላይ የበዙት ስብ የዋጡ ትልልቅ ነጭ የደም ሴሎች፣ ማለትም ማክሮፌጆች ነበሩ። ጥያቄ ያስነሣው ነጩ ሽፋን ነው። በ1986 ባሳተሙት ጥናት በዚያ ሽፋን ውስጥ ካሉት ሴሎች ከአምስት አንዱ ያህሉ ቲ ሴል ሆኖ ተገኘ። (በዚህ ምዕራፍም እንደ ቀደሙት፣ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቲ ሴልን በሁለተኛው ምዕራፍ በደንብ ተዋውቀነዋል። እንደ ማክሮፌጅ ያገኘውን አይውጥም። እያንዳንዱ ቲ ሴል ለይቶ የሚያውቀው የተወሰነ የፕሮቲን ቁራጭ አለ፤ የሚነሣውም ያ ቁራጭ ሲቀርብለት ነው። ሳንባ ውስጥ ተሰብስቦ ብናገኘው የቲቢ ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል ብለን እንጠረጥራለን። ጀርም በሌለበት የደም ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ግን ማንን አውቆ ተሰበሰበ?

መልሱ አጭር ነው፤ ረጅሙ ማብራሪያው ነው። ያወቀው የራሳችንን ፕሮቲን ነው። የበለጠ የሚገርመው ደግሞ፣ ከነዚህ ሴሎች ብዙዎቹ ያን ፕሮቲን እንዲያውቁ የተደረጉት ሊያስታርቁ መሆኑ ነው።

ኮሌስትሮል ከደሙ ንጹሕ አይደለም

ወደ ጉዳዩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እናጥራ። የልብ ቧንቧ ሕመም የበሽታ መከላከያ ሥርዓቱም ሥራ ነው ሲባል "እንግዲያው የኮሌስትሮል ወሬ ሐሰት ነበር" የሚል አይጠፋም፤ በማኅበራዊ ሚዲያ እንዲያውም ገበያ አለው። ባለፈው ምዕራፍ ኒኮላይ አኒችኮቭ በ1913 ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ጥንቸሎችን ኮሌስትሮል እየመገበ የደም ቧንቧቸውን እንዴት እንዳሳመመ አይተናል። ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ በ1970ዎቹ ከሻጋታ ያገኘው ውሕድ ስታቲን ለሚባሉት መድኃኒቶች መንገድ እንደከፈተ፣ እነሱም ሃርት አታክ የምንለውን ድንገተኛ የልብ ሕመም እንደቀነሱ እንዲሁ። ከዚያ ምዕራፍ አንድ መስመር እንኳ የሚሰረዝ የለም። ስታቲን የታዘዘለት ሰው ይህን አንብቦ ቢያቋርጥ ምዕራፉ ባይጻፍ ይሻል ነበር።

ነገር ግን ኮሌስትሮል ብቻውን የማይመልሰው ጥያቄ አለ። በአሜሪካ ሆስፒታሎች በልብ ቧንቧ ሕመም የተኙ 136,905 ሰዎችን መዝገብ የመረመረና በ2009 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ግማሽ ያህሉ ሲገቡ "መጥፎ" የሚባለው ኮሌስትሮላቸው በዲሲ ሊትር ደም ከ100 ሚሊ ግራም በታች ነበር። እርግጥ ከፊሎቹ አስቀድመው መድኃኒት ይወስዱ ነበር፤ ሕመሙ ራሱም ቁጥሩን ጥቂት ዝቅ ያደርጋል። ያን ሁሉ ቀንሰን እንኳ፣ በተመሳሳይ የኮሌስትሮል መጠን አንዱ ታሞ ሌላው ደኅና የሚውልበት ምክንያት ሳይገለጽ ይቀራል።

በ2000 የሃንሰን ቡድን ኮሌስትሮል ከደማቸው በወጉ እንዳይጠራ ተደርገው ከተዳቀሉ አይጦች መካከል፣ ቲ ሴልና ሌሎች የመከላከያ ሴሎች የሌሏቸውን ለየ። በነዚህ ላይ ሕመሙ በእጅጉ አነሰ። ከዚያ ረዳት ቲ ሴል የሚባሉት ከሌሎች አይጦች ተወስደው ተሰጧቸው፤ የቧንቧቸው ጉዳት ከእጥፍ በላይ ሰፋ። ስቡ ቤቱን ያዘጋጃል፤ ጠቡን የሚያካርረው ሌላ ነው።

ቲ ሴሉ የሚያነበው

ኮሌስትሮል እንደማንኛውም ቅባት ከውሃ ጋር ስለማይዋሃድ በደም ውስጥ ብቻውን አይጓዝም። ጉበት በጥቃቅን እንክብሎች አሽጎ ይልከዋል። በእያንዳንዱ እንክብል ዙሪያ አንድ ረጅም ፕሮቲን ይጠመጠማል፤ አንድ ብቻ። አፖቢ ይባላል። 4,536 አሚኖ አሲዶች የተቀጣጠሉበት፣ ከሰውነታችን ግዙፍ ፕሮቲኖች አንዱ ነው። የላቦራቶሪ ውጤታችን ላይ ኤልዲኤል ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር በዋናነት በነዚህ እንክብሎች ውስጥ የተጫነው ኮሌስትሮል ነው።

እንክብሎቹ ሲበዙ ከደሙ ሾልከው የቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ይቀራሉ። ማክሮፌጆቹ ይውጧቸዋል። ስቡን ሆዳቸው ውስጥ ያስቀሩና አፖቢን ይቆራርጡታል፤ ከዚያ ቁራጮቹን በገጻቸው ላይ አውጥተው በዚያ ለሚያልፍ ቲ ሴል ያሳያሉ። ስብና የበሽታ መከላከያው የሚገናኙት እዚህች ነጥብ ላይ ነው። ረዳት ቲ ሴሉ ስቡን አያነብም፤ የሚያነበው ስቡን ተሸክሞ የመጣውን ፕሮቲን ነው።

ይህ ግን በአንድ ጊዜ የተደረሰበት አይደለም። በ1995 ሃንሰንና ባልደረቦቹ፣ አሁን ስቶክሆልም ሆነው፣ ከሰው የደም ቧንቧ ቁስል ቲ ሴሎችን አውጥተው አራቡ። ከነዚያ መካከል አንዳንዶቹ በኦክስጅን የተበላሸ ኤልዲኤል ሲቀርብላቸው ተነሡ። ግኝቱ ልብ የሚያሳርፍ ነበር፦ ሰውነት የሚነሣው በተበላሸው ላይ ነው፣ መልኩ የተለወጠን ነገር እንደ ባዕድ ቆጥሮት ነው፣ ራሱን አልወጋም። ለዓመታት ዘርፉ በዚህ ሐሳብ ተጓዘ።

በ2010 ያው ቡድን በአይጦች ላይ ነገሩን ይበልጥ ቀርቦ ሲመረምረው የተገለበጠ ውጤት አገኘ። ለይቶ ያወጣቸው ቲ ሴሎች የሚነሡት ላልተበላሸው፣ በማንኛችንም ደም ውስጥ ለሚዞረው ኤልዲኤልና ለአፖቢ ነበር። የተበላሸው ሲቀርብላቸው ዝም አሉ። በእኔ እይታ የዚህ ዘርፍ ማጠፊያ ይህ ውጤት ነው። "ባዕድ መስሎት ነው" የሚለው ምክንያት ከዚህ በኋላ አያስኬድም። ሴሎቹ ማንን እንደሚያዩ ያውቃሉ።

ሽማግሌ የሚያውቅ ሰው ነው

ታዲያ የራሳችንን ፕሮቲን የሚያውቁ ሴሎች እንዴት ኖሩን? ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ከደረት አጥንት ጀርባ ያለችው ታይመስ የተባለች ዕጢ፣ የራስን ፕሮቲን አጥብቀው የሚይዙ ቲ ሴሎችን ገና በጨቅላነታቸው እንደምታስወግድ ተነጋግረናል። እዚያ ላይ ጉዳዩን ለማቅለል ያለፍኩት ነገር አለ። ሁሉም አይወገዱም። አያያዛቸው ላላ ያለው ያመልጣሉ። ከቀሩት ከፊሎቹ ደግሞ እንዲኖሩ ተፈቅዶላቸው ሥራቸው ይቀየራል።

ሁለት ጎረቤታሞች በድንበር ተጣሉ እንበል። ማን ይጠራል? ሁለቱንም የማያውቅ መንገደኛ አይጠራም። አባቶቻቸውን የሚያውቅ፣ መሬቱ ከማን ወደ ማን እንደዞረ የሚያስታውስ፣ የማን ሚስት ለማን ዘመድ እንደሆነች የማይጠፋው ሰው ነው ዛፍ ሥር የሚቀመጠው። ዱላ ያነሣውን "ተው፣ አስቀምጥ" ይላል፤ የከረረውን ያለዝባል፤ ቀጠሮ እየሰጠ ቁጣውን ያበርዳል። ያለ ማወቁ ሽማግሌነቱ ዋጋ የለውም። የትኛው ቤት እሳት እንደተነሣ ለይቶ መድረስ የሚችለው ቤቶቹን ስለሚያውቅ ነው።

በሰውነታችን ይህን የሚሠሩ ቲ ሴሎች አሉ። ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ በ1995 ለይቶ አሳየ፤ አሜሪካ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ሜሪ ብሩንኮውና ፍሬድ ራምስዴል በ2001 ፎክስፒ3 የተባለውን ጂን አገኙ፤ ኋላም እነዚህን ሴሎች እንዲህ የሚያደርጋቸው ይኸው ጂን መሆኑ ተረጋገጠ። ሦስቱም በ2025 የኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል። የሳይንሱ ስማቸው ተቆጣጣሪ ቲ ሴል ነው፤ እኔ በዚህ ምዕራፍ አስታራቂ ሴል እላቸዋለሁ። የራስን ፕሮቲን ያውቃሉ፤ ያ ፕሮቲን በሚታይበት ቦታ ሌሎች ሴሎች ሲቆጡ የሚያበርዱ ኬሚካሎችን ይረጫሉ።

ካሊፎርኒያ ላ ሆያ ውስጥ ክላውስ ላይ ይመራው የነበረው ቡድን በ2018 አፖቢን የሚያውቁትን ሴሎች ከሰው ደም ውስጥ ለቅሞ አወጣ። ሥራው እንዲህ ነው፦ አንዲት የአፖቢ ቁራጭ ልክ ማክሮፌጅ እንደሚያሳያት ሆና ትዘጋጅና የሚያበራ ቀለም ይታሰርባታል፤ ከደሙ ጋር ስትቀላቀል የሚጣበቁባት እሷን የሚያውቁት ሴሎች ናቸው። ከዚያ ማሽኑ የሚያበሩትን ለይቶ ይቆጥራል። የደም ቧንቧ ሕመም ያልታየባቸው ሰዎች ደም ውስጥ የተገኙት እንዲህ ያሉ ሴሎች በአብዛኛው አስታራቂዎች ነበሩ። ሕመሙ በጀመራቸው ላይ የተገኙት ግን የአስታራቂነት ምልክታቸው ላይ የተዋጊ ምልክት ደርበዋል።

ይህን በአራተኛው ምዕራፍ ካነሣነው ከሩማቲክ የልብ በሽታ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። እኛ አገር ብዙ ወጣቶች በየሦስት በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ የሚወጉለት ያ በሽታ የሚጀምረው ከጉሮሮ ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያውን ለመውጋት የተነሡት ሴሎች የልብ ክዳኖችን ከሱ ጋር ያመሳስሏቸዋል፤ መልክ ተሳስተው ቤተኛውን ይመታሉ። የደም ቧንቧው ነገር ለየት ይላል። መታወቂያው ትክክል ነው፤ ያወቀው ሰው ነው የተለወጠው።

ከተጣሉበት መሬት ሲቆረስለት

በ2020 የፍራይቡርጉ ዴኒስ ቮልፍ ከክላውስ ላይ ቡድን ጋር ሆኖ አፖቢን የሚያውቁትን ሴሎች ጉዞ በአይጦች ላይ ተከታተለ። ሕመሙ ሳይጀምር ከሴሎቹ ብዙዎቹ የአስታራቂነት ጠባይ ነበራቸው። ሕመሙ እየገፋ ሲሄድ ቁጥራቸው በዛ፣ ያ ጠባይ ግን እየተሟጠጠ ሄደ፤ በምትኩ ብግነትን የሚቀሰቅሱ ኬሚካሎችን ማመንጨት ጀመሩ። ብግነት የሚባለው ቁስል ሲቀላ፣ ሲግል፣ ሲያብጥና ሲጠዘጥዝ የምናየው የመከላከያ ሴሎች ቁጣ ነው፤ በቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ሲሆን ግን ስለማያምም ለዓመታት ባለቤቱ አያውቀውም።

ለምን ተለወጡ? አንዱን ምክንያት ላ ሆያ የተሠራ ሌላ የ2018 ጥናት ይጠቁማል። ኮሌስትሮል በበዛባቸው አይጦች ውስጥ ኮሌስትሮሉ አስታራቂ ሴሎቹ ራሳቸው ውስጥ ይገባል። የሞላባቸው ሴሎች ፎክስፒ3ን እየጣሉ ጠቡን ወደሚያግዝ ዓይነት ይዞራሉ። "ጥሩ" ከሚባለው ኮሌስትሮል የሚገኝ አፖኤ1 የተባለ ፕሮቲን ለአይጦቹ ሲሰጥ ሴሎቹ ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል ቀነሰ፣ መዞራቸውም ቀነሰ። ሽምግልና ከተጠራው ሰው እጅ ከተጣሉበት መሬት ቁራሽ ገብቶ ነበር ማለት ነው። ባለፈው ምዕራፍ ስለ ኮሌስትሮል፣ በዚህኛው ስለ ቲ ሴል የተናገርነው የሁለት በሽታ ታሪክ ቢመስልም አንድ ነው፤ ስቡ ግድግዳውን ብቻ ሳይሆን ግድግዳውን የሚያረጋጋውንም ያበላሻል።

ወገን የያዘ ሽማግሌ ደግሞ ከተራ ጠበኛ ይከፋል። ጓዳውን ያውቀዋል። ተዋጊ ሆኖ የዞረ የአፖቢ ሴል የሚነሣበት ፕሮቲን ከደም ጠፍቶ አያውቅም፤ ጉበት በየቀኑ ያመርተዋል። ጉንፋን የተዋጋ ቲ ሴል ቫይረሱ ሲያልቅ ይበተናል። ይህ ግን ጠላቱ የማያልቅበት ውጊያ ውስጥ ገብቷል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ከአስታራቂነት ወደ ተዋጊነት የሚደረገው ለውጥ ደረጃ በደረጃ የታየው በአይጥ ላይ ነው። በሰው ላይ ያለን በአንድ ወቅት የተነሣ ፎቶ ዓይነት መረጃ ነው፤ የዚያኑ ሰው ሴል ከሠላሳ ዓመቱ እስከ ስድሳ ዓመቱ የተከታተለ የለም። ቢሆንም ምልክቱ አንድ አቅጣጫ ያሳያል። በ2023 የሆላንዷ ላይደን ተመራማሪዎች ከሰው ቁስል ያወጧቸውን ቲ ሴሎች አንድ በአንድ ሲመረምሩ፣ ተመሳሳይ ነገር የሚያውቁ ሴሎች እዚያው ግድግዳ ውስጥ እየተባዙ፣ ሰውነት ራሱን በሚያጠቃባቸው ሕመሞች የሚታየውን የሚመስል ጠባይ ይዘው አገኟቸው።

ነጩ ሽፋን

አሁን ወደ ቁራጩ እንመለስ፤ ቲ ሴሎቹ ነጩ ሽፋን ላይ መብዛታቸው ምን እንደሚያስከትል አልተነጋገርንም። ሽፋኑ ኮላጅን ከተባለ ጠንካራ ክር የተሠራ ነው። የሚያመርቱት የግድግዳው የጡንቻ ሴሎች ናቸው። ሥራው ቅባታማውን መሃል ከሚያልፈው ደም መለየት ነው። ይህ ሽፋን ወፍራም ሆኖ ከቆየ ሰው ጠባብ ቧንቧ ይዞ ረጅም ዕድሜ ሊኖር ይችላል።

ተዋጊ ቲ ሴሎች ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለ ኬሚካል ያመነጫሉ። በ1991 ቦስተን ውስጥ ፒተር ሊቢና ባልደረቦቹ ይህ ኬሚካል የጡንቻ ሴሎቹን ኮላጅን ከማምረት እንደሚገታቸው አሳዩ። በዚያው ላይ የተቆጡት ማክሮፌጆች ያለውን ኮላጅን የሚያሟሙ ኢንዛይሞችን ይለቃሉ። ማምረቱ ቆሞ ማፍረሱ ሲቀጥል ሽፋኑ ይሳሳል። ድንገተኛ የልብ ሕመም የገደላቸውን ሰዎች ቧንቧ የመረመሩ ሐኪሞች የአደጋው መስመር ከ65 ማይክሮን በታች ነው ይላሉ፤ አንድ ሚሊ ሜትር ሺህ ማይክሮን ነው። ከዚያ አንድ ቀን ይቀደዳል። ደም ቅባታማውን መሃል ሲነካ ይረጋል፤ የረጋው ደም ሦስት አራት ሚሊ ሜትር ብቻ ስፋት ያለውን ቧንቧ በደቂቃዎች ውስጥ ይዘጋዋል።

ትናንት ደረጃ ሲወጣ ያልደከመው ሰው ዛሬ ደረቱን ይዞ የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው። ቧንቧው ከትናንት ወዲህ አልጠበበም፤ ሽፋኑ ነው የተቀደደው።

የመከላከያ ሥርዓቱ ቁጣ ምን ያህል እንደሚያፋጥነው ከሉፐስ መረዳት ይቻላል። ሰውነት ራሱን በስፋት የሚያጠቃበት ይህ ሕመም ያለባቸው ከ35 እስከ 44 ዓመት የሆኑ ሴቶች፣ በ1997 በወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ከእኩዮቻቸው ከ50 ጊዜ በላይ ለድንገተኛ የልብ ሕመም የተጋለጡ ነበሩ። በዚያ ዕድሜ ሕመሙ በሌሎች ሴቶች ላይ ብርቅ ስለሆነ ነው ቁጥሩ እንዲህ የዘለለው፤ ያም ሆኖ ችላ የሚባል አይደለም።

ቁጣውን ማብረድ ወይስ ሽማግሌውን መመለስ

እስካሁን በሰው ላይ በስፋት የተሞከረው ቁጣውን ማብረድ ነው። በ2017 ይፋ የሆነው ካንቶስ የተባለው ሙከራ 10,061 ሰዎችን አሳተፈ፤ ሁሉም አንድ ጊዜ ድንገተኛ የልብ ሕመም ደርሶባቸው፣ በደማቸው ውስጥ የብግነት ምልክት ከፍ ያለባቸው ነበሩ። ካናኪኑማብ የተባለው መርፌ ኮሌስትሮላቸውን አልነካውም። በመካከለኛው መጠን የተሰጣቸው ሰዎች ላይ ግን ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ ስትሮክና በልብ ምክንያት መሞት በ15 በመቶ ቀነሰ። ብግነት ራሱ ጥፋተኛ መሆኑ ያኔ ተረጋገጠ። ዋጋውም ተከፈለ፦ በኢንፌክሽን የሞቱት በመድኃኒቱ ወገን በዙ። ቁጣ ሁሉ ሲበርድ እውነተኛው ጠላት ሲመጣ የሚቆጣ ይጠፋል።

ቀጥሎ የተሞከረው ርካሹ የሪህ መድኃኒት ኮልቺሲን ነው። በ2019 ሞንትሪያል የተመራው ሙከራ በ4,745 ሰዎች ላይ ጠቃሚ ሆኖ አገኘው፤ በ2023 የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ለልብ ቧንቧ ሕመም ፈቀደው። በ2024 የወጣ ሌላ ትልቅ ሙከራ ደግሞ ጥቅም አላየበትም። ክርክሩ አልተዘጋም።

ሁለተኛው መንገድ የበለጠ ይማርከኛል፤ እውነት ለመናገር ገና ያልተረጋገጠም እሱ ነው። ሁሉንም ከማብረድ አስታራቂዎቹን ማብዛት። የካምብሪጁ ዚያድ ማላትና ባልደረቦቹ ኢንተርሉኪን 2 የተባለውን ኬሚካል በጣም በትንሽ መጠን ለልብ ሕመምተኞች እየሰጡ አስታራቂ ሴሎቻቸው እንደሚበዙ አሳይተዋል። በላ ሆያ ደግሞ የአፖቢን ቁራጭ እንደ ክትባት ለአይጦች በመስጠት የደም ቧንቧ ሕመማቸውን መቀነስ ተችሏል። እኛ የለመድነው ክትባት ሴሎችን ለጦርነት ያሰለጥናል፤ ይህኛው ያ ፕሮቲን ሲታይ እንዲረጋጉ ያስተምራል።

ለሰው የተፈቀደ እንዲህ ያለ ክትባት እስካሁን የለም። አንዱ ችግር ጊዜ ነው። የደም ቧንቧ ሕመም በወጣትነት ጀምሮ በስድሳ ዓመት የሚታይ ነገር ነው፤ ክትባቱ የሚጠቅመው ሽማግሌዎቹ ሳይዞሩ ከሆነ መሞከር ያለበት ጤነኛ ወጣቶች ላይ ነው፣ መልሱን ለመስማት ደግሞ ሦስትና አራት አሥርት ዓመታት ሊጠበቅ ነው። ተመራማሪዎች ይህን ለማሳጠር አሁን የሚያተኩሩት በግድግዳው ውስጥ ያለውን ብግነት በጨረር ምስል በመለካትና የአፖቢ ሴሎችን ከደም ለይቶ በመቁጠር ላይ ነው። ቆጠራው ቀላል አይደለም፤ ከሚሊዮን ቲ ሴሎች መካከል የሚፈለጉት እጅግ ጥቂት ናቸው፣ የሚፈለገውም ቁጥራቸው ብቻ ሳይሆን ስንቱ ገና አስታራቂ እንደሆነ ነው። ያ መለኪያ ከላቦራቶሪ ወጥቶ ወደ ሐኪም ቤት እስኪደርስ ድረስ በእጃችን ያለው ኤልዲኤልን ዝቅ ማድረግ ነው።